የአዋላጇ ሊብሬ

መነጽሬ ጠፍቶኝ መሳቢያ ስበረብር
ሦስት ሊብሬ ወጣ ከመርፌና ክር ስር፤
"ባለንብረት፦ ኢዳሊና፣ ሥራ፦ አዋላጅ" ይላል፣
ወረቀቱ ወይቧል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል።
መኪኖቹ የሉም፤ ስማቸው ግን አለ፣
ከነሰሌዳቸው ታጥፎ የዋለ።

የመጀመሪያዋ ፊያት ናት፣ ስድስት መቶ፣
አቢሊዮ የገዛት ሁለት በሬ ሸጦ፣ አባቱን አስቆጥቶ።
ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት፤
"ፊትና ኋላዋን የማታውቅ ፍጥረት!"
አለች አማቴ፣ አንድም ቀን ሳትሳፈርባት።
በጋ ላይ ትፈላለች፤ የሞተር ክዳኗን
በቡሽ ቁራጭ ደግፈን፣ ገርበብ አድርገን፣
ሐሜት እንደሰማች ጎረቤት አፏን አስከፍተን
እንነዳት ነበር።
ከቪኛይስ ብራጋንሳ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤
ብስክሌት ሲቀድመን አቢሊዮ ክላክስ ይነፋል፣
ወደን ያሳለፍነው ይመስል።
ዝገት ወለሏን በልቶ፣ አንድ ቀን ከእግሬ በታች
አስፋልቱን አየሁት ሲሮጥ። በቃ፣ ያን ቀን ሞተች።

ሁለተኛዋ ሬኖ፣ ሬኖ አራት የሚሏት፣
ከጤና ጣቢያው ኃላፊ በዱቤ የወሰድኳት፣
መልኳ አይብ የመሰለ፣ ወንበሯ የሽቦ አልጋ።
ማርሿ ከክሩስኮቱ፣ እንደ ጃንጥላ እጀታ፣
ብቅ ብሎ ይጠብቃል የእጄን ሰላምታ፤
ገፋ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ።
ማንም አላስተማረኝም፤
ይህን ነገር እጄ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል።

በሷ ነው የሄድኩት ጭጋግ የሳቦርን ወንዝ ሲውጠው፣
በሷ ነው የተመለስኩት ሌሊቱ ነግቶ ወገቤን ሲቆርጠው።
ክፍያዬ ከኋላ ነው፦ ጎመን፣ የወይራ ዘይት፣
አንድ ጊዜም ፍየል፣ እግሩ የታሰረ፣ አፉ ያልታሰረበት።
የዚህችኛዋ ሊብሬ ጠርዝ
የሱ ጥርስ ነው።

ጥር ነበር፣ በረዶ፣ አንደኛው መብራት የለም፤
ዴልፊና ከኋላ "ፍጠኚ" ትላለች፣
ጉድጓድ ስንገባ "ቀስ በይ!"፣ ደግሞ "ፍጠኚ፣ አልችልም!"
ከድልድዩ ማዶ አቆምኩ።
ባሏን አርሊንዶን "ሞተሩን እንዳታጠፋ፣
ሙቀታችን እሱ ነው" አልኩት።
ባትሪውን ይዞ ጣራውን አበራ፣ ዛፉን፣ የራሱን ጫማ፣
እኔ ከምፈልገው በቀር ሁሉን አሳየኝ በጨለማ።
ልጁ ሲያለቅስ ሞተሩ ጠፋ፣
ተራ የተቀባበሉ ይመስል።
ሲዶኒዮ አሉት።

በሳምንቱ መካኒኩ ሴራፊም፣ ወንበሩን አጎንብሶ አየና፣
"ይሄ የዘይት ነው?" አለኝ።
"አይ፣ የሲዶኒዮ ነው።"
ቆቡን አወለቀ።

ሦስተኛዋ ፔጆ። ስለሷ የምለው የለኝም።
ጥሩ መኪና ነበረች፣ መንገድ ላይ አንዴም አልቆመችም፤
ለዚህ ይሆን እንዴ፣ ቀለሟን እንኳ የማላስታውሰው?
ሊብሬውን ገልጬ አየሁ፦ ግራጫ ነው።
አቢሊዮን ሆስፒታል የወሰድኩት በሷ ነው።
በሰዓቱ ደርሰን ነበር።
መኪናዋን አላማም።

ዘንድሮ የዓይን ሐኪሙ መንጃ ፈቃዴን ወሰደ።
እሁድ ዕለት እንቁላል ልገዛ ኤርሜሊንዳ ጓሮ ብዘልቅ
ሬኖዋ ከበለሱ ዛፍ ስር ተቀምጣለች፣
ያለ ጎማ፣ ያለ ሞተር፣ መስኮቷ በወንፊት ሽቦ ታጥሮ፤
ዶሮ ቤት ሆናለች።
በሩን ከፈትኩት፤ ያንኑ የድሮ ጩኸቱን ጮኸ።
ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ፣ ኩስ ላይ፣ በእሁድ ቀሚሴ።
ከኋላ፣ ዴልፊና የተኛችበት፣
አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።
እጄ ሳላዘው ሄደ፦
ገፋ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ።
ዘንጉ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ግን ታዘዘኝ።
ዶሮዋ አጉረመረመች፣
"ቀስ በይ" እንደማለት።
እሺ አልኳት።
ቀስ አልኩ።